የቡልዶዘር ብሎን

ብሎኑ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ ሳይታሰብ ለሰስ አለ። መፍቻውን የያዘው የልጅቷ እጅ ያለ ምንም ድካም ወደፊት ሲሄድ ተሰማት። የጠበቀ ብረት እንዲህ በድንገት እሺ ባይ ከሆነ ሊሰበር ነው ማለት እንደሆነ አባቷ ስንት ጊዜ ነግሯታል። ግን እጅ ከጆሮ ይቀድማል። «ጠቅ» አለ፤ የብሎኑ ራስ መፍቻው ውስጥ እንደተቀረቀረ ከነመፍቻው ተነሣ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች በሹክሹክታ።

ጎንበስ ብላ አየች። የብሎኑ ግንድ ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል። ቀዳዳው ውስጥ ጠልቆ ያብረቀርቃል እንጂ በጣት አይያዝ፣ በፒንሳ አይነከስ። ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። አባቷ ከፊት ባለችው የስፌት ክፍል ለአንድ ደንበኛ ሱሪ እየለካ ነው፤ «ወገብዎ ላይ ትንሽ ላስፋው?» ሲል ይሰማታል። ታላቅ ወንድሟ የሞተር ዘይት ሊገዛ ሄዷል። ሱቁ መታጠፊያው ላይ ስለሆነ አይቆይም።

የአባቷ መኪና አሮጌ ናት። አባቷ የሰፋቸውን የተማሪ ዩኒፎርሞች ጭኖ ወደየትምህርት ቤቱ የሚያደርሰው በእሷ ነው፤ ሰሞኑን ግን ከሞተሯ የላይኛው ክዳን ሥር ዘይት ማንጠባጠብ ጀምራለች። ትንሽ ነገር በተበላሸ ቁጥር ጋራዥ መሄድ አባቷ አይሆንለትም። «መርፌ የያዘ እጅ ብሎን አያቅተውም» ይላል። የእረፍት ቀን ሲመጣ ኮፈኗን ይከፍትና ልጆቹን ግራና ቀኝ አቁሞ ሥራ ይጀምራል። የሚሠራውም እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያጠበቁትን ብሎን ሁሉ በልብስ ጠመኔ ያሰምሩበታል። መስመሩ ከብሎኑ ራስ ተነሥቶ ክዳኑ ላይ ይደርሳል፤ ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ስለሚለያይ ወዲያው ይታወቃል። ሰማያዊው ጠመኔ የአባት፣ ቀዩ የልጅቷ፣ ነጩ የወንድሟ ነው። አንዱ ያሰመረበትን ሌላው አይነካም። የቤቱ ሕግ ነው።

የተሰበረው ብሎን ላይ ያለው መስመር ነጭ ነበር።

ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ «ቡልዶዘር» ነው የሚለው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት እንዲሉ፣ እቤት ወጣለት፣ ጎረቤት ተቀበለው፣ ትምህርት ቤት ደግሞ አጸደቀው። በር ሲከፍት እጀታው እጁ ላይ ይቀራል። ቧንቧ ሲዘጋ ጥርሱን ይበላዋል። እናቱ ብርጭቆ ስታቀብለው «በሁለት እጅህ፣ ቀስ ብለህ» ትለዋለች፤ ሌላው ሲስቅ እሱም አብሮ ይስቃል። እሷ ደግሞ «ኢንጂነሯ» ናት። በመርፌ ቀዳዳ ክር በአንዴ የምታስገባ፣ የተፈታታ ነገር ስትገጥም ብሎን የማይተርፋት። አባቷ ለሰው «የእሷ እጅ ወርቅ ነው» ሲል የሰማች አትመስልም፤ ግን አንድም ቀን ሳትሰማ ቀርታ አታውቅም።

ዘንድሮ ቡልዶዘር ስሙን ሊያስለውጥ ቆርጦ ተነሥቷል። የእናታቸው ወንድም ጋራዥ አለው፤ ትምህርት ሲዘጋ አንድ ተለማማጅ እወስዳለሁ ብሏል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡልዶዘር ሌላ ወሬ የለውም። አጎታቸው ግን ለአባታቸው ቁርጡን ነገረው፦ «ልጁን እወደዋለሁ፤ እጁን ግን እፈራዋለሁ። እስቲ አንድ ሥራ ስጠውና እየው። አንተ ካመንክበት ላከው፤ ካላመንክበት አታሳፍረኝ።»

የዛሬው ሥራ ያ ፈተና ነበር። ክዳኑን ያነሣው፣ ያረጀውን የጎማ ማሸጊያ አውጥቶ አዲሱን ያስገባው፣ ማዕዘኖቹን ሲሊኮን የሚባለውን ማጣበቂያ የቀባው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያሰረው ቡልዶዘር ብቻውን ነው። አጭሯን መፍቻ በጣቶቹ ጫፍ ይዞ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ። እንዲህ ሲጠነቀቅ አይታው አታውቅም።

ያሳሰባትም ይኸው ነበር። ብቻዋን ስትቀር «ፈርቶ አላልቶት ይሆናል» ብላ አሰበች። ከላላ ዘይቱ ይፈሳል፤ ዘይቱ ከፈሰሰ ፈተናውን ወደቀ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እንግዲህ ላግዘው ብዬ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ከዚህ ሥር የተደበቀውን ሐሳብ አልነካችውም፤ የእሷ እጅ ያላረፈበት ሥራ ደህና ሊሆን ይችላል ብሎ ማመን አልሆነላትም። አጭሯን መፍቻ ቡልዶዘር ወዲያ አስቀምጧታል። ረጅሙ ቅርቧ ስለነበር እሱን አነሣች። የመጀመሪያው ብሎን ጠብቋል። ቀጣዩም ጠብቋል። ልክ ነበሩ። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! የኋላው ጥግ ላይ ያለውን ግን «ትንሽ ብቻ» ብላ ጨመረችለት።

ከግቢው በር በኩል ኮቴ የሰማች መሰላት። ማንም አልነበረም፤ እጆቿ ግን ሥራ ጀምረው ነበር። የሲሊኮኑን ቱቦ አነሣች፣ ከብሎኑ ራስ ሥር ጠብ አደረገች፣ ቀዳዳው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ነጩ መስመር ከነጩ መስመር እስኪገናኝ ድረስ በጥፍሯ አዞረችው። ያማረ ሥራ ነበር፤ ቀርቦ ያየው እንኳ አይለየውም። ረጅሙን መፍቻ ጠርጋ ቦታው መለሰችው።

ቡልዶዘር የዘይቱን ጀሪካን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሮጠ ገባ።

«ማንም አልነካም አይደል?» አላት እያለከለከ።

«ምኑን?»

«ብሎኖቼን ነዋ!»

«ኧረ ባክህ፣ እኔን ምን አግብቶኝ!» አለች። ቃሉ ከአፏ እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ ራሷንም ገረማት።

«አንድም ሳልሰብር! ተያቸው በናትሽ፣ እንደ ተማሪ ነው የተሰለፉት። ከዛሬ ጀምሮ ቡልዶዘር ያለኝ ሰው ይቀጣል።» ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብሎ ነጫጭ መስመሮቹን አየ፤ ፊቱ በርቷል። «አንቺ እንኳ እንዲህ አታሳምሪውም። እውነቴን እኮ ነው።»

«እሺ ጌታዬ» አለች። ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ጉንጯ አልታዘዝ አላት።

አባታቸው የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። መስመሮቹን አየና «ጎሽ!» አለ። ዘይቱን ሞሉ፤ ሞተሩ ተነሣ። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ሰላም ነበር። ልጅቷም ምናልባት ይይዝ ይሆናል ብላ ተስፋ ማድረግ ጀምራ ነበር። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ። ከክዳኑ የኋላ ጥግ ቀጭን ጭስ ተነሣ፤ ዘይቱ እየሾለከ በጋለው ብረት ላይ ይወርዳል። አባታቸው ሞተሩን አጠፋ። እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ብሎኖቹን ነካ ነካ ሲያደርግ የጥጉ ብሎን ራስ ወልቆ ጨርቁ ላይ ወደቀ።

አባታቸው አላገላበጠውም፤ ነጩን መስመር ብቻ አየ። ዘይት የለወሰውን የብሎን ራስ ትርፍራፊ ብሎን የሚያጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣለው። ከዚያም ሳቀ።

«አይ ቡልዶዘር!» አለ። «አይ ልጄ፣ ይሄን እጅህን ምን ላድርገው?»

ቢቆጣ ይሻል ነበር። ልጅቷ ወንድሟ እንዲክድ ጠብቃ ነበር። «እኔ አይደለሁም!» ብሎ ይጮሃል፣ አባቷ ይቆጣል፣ እሷ ጭቅጭቁ መሐል ትደበቃለች። ቡልዶዘር ግን አልጮኸም። መዳፉን ገልብጦ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ በስህተት የተሰጠው ይመስል ነበር።

«በጣቴ ጫፍ ነበር እኮ የያዝኩት፣ አባዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን… ሳላውቀው አብዝቼው ይሆናል።»

ኢንጂነሯ ጨርቅ አንሥታ ያልቆሸሸ መፍቻ መጥረግ ጀመረች።

አባታቸው ስልኩን አውጥቶ ወደ አጥሩ ዞር አለ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። «አዎ፣ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቷል። ነገ ጠዋት ብቅ ብለህ ብታወጣልን… ማን ይሆናል፣ ያው ቡልዶዘር ነዋ!» ጥቂት አዳመጠ። ድምፁ ዝቅ አለ። «የእረፍቱ ነገር? እንጃ… ለዘንድሮ ይቅርበት መሰለኝ። የሰው መኪና ላይ እንዲህ ቢያደርግ የምትዋረደው አንተ ነህ።»

ቡልዶዘር የዘይቱን ጀሪካን ክዳን ዘጋ። በጣም ቀስ ብሎ ነበር የዘጋው።

እዚያው መናገር ነበረባት፤ ይህን ታውቃለች። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን «እኔ ነኝ» ካለች በኋላ «ታዲያ ለምን ደበቅሽ?» እንደሚከተል ታያት፤ አፏ ተዘጋ። ስህተቷ መጀመሪያ አንድ ብሎን ነበር። አሁን ሲሊኮኑ አለ፣ «ምን አግብቶኝ» ማለቷ አለ፣ ዝም ማለቷም አለ። አንዱን ለመንቀል ሁሉንም መንቀል ሊኖርባት ነው።

እራት ላይ እናታቸው ወሬውን ቀድማ ሰምታ ነበር።

«ተወው፣ አትዘን» አለችው። «ገና ልጅ ነህ። ለከርሞ እጅህ ይገራል።»

«ማን አዘነ?» አለ ቡልዶዘር። «በእረፍቱ ከአንቺ ጋር ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ። ቁልፍ ቢሰበር ሞተር አያበላሽ!»

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ በኋላ ስታስበው ከሁሉ ያሳፈራት ይኸ ነው። የጎረሰችው አልወርድ ብሏት ውሃ ጠጣችበት።

«ኢንጂነሯ፣ ምነው ምግብ ዘጋሽ?» አላት አባቷ። «ነገ አጎትሽ ሲመጣ አጠገቡ ቆመሽ እዪ። ማን ያውቃል፣ ጎበዝ መሆንሽን ካየ ጋራዡ አንቺን ይወስድሽ ይሆናል።»

ለቀልድ ያህል ነው ያለው። ቡልዶዘር ግን ከሳህኑ ቀና ብሎ «ይሄ ይሻላል፣ እውነቱን ነው» አለ። ቅናት እንኳ የለበትም። ብትችል ጠረጴዛው ሥር በገባች!

ሳህን አጥባ ስትወጣ ቡልዶዘር ደጃፉ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። አሮጌ ብሎንና ዳዶ ይዞ በአጭሯ መፍቻ ያጠብቃል፣ ያላላል። እንደገና ያጠብቃል፣ ያላላል። ጆሮውን አስጠግቶ የሚያዳምጠው ነገር ያለ ይመስላል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«የቱ ጋ እንደማበዛው ልድረስበት ብዬ።» ቀና ብሎ አያት። «ሙድ እንዳትይዢብኝ እንጂ… እስቲ እጄን እዪው። አንቺ ታውቂበት የለ? የቱ ጋ ነው ማቆም የነበረብኝ?»

እንቅልፌ መጣ ብላ መግባት ትችል ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ዘይት ሲነካካ ስለዋለ ጥፍሩ ሥር ጠቁሯል። መፍቻዋን ቀስ ብሎ ገፋ፤ ብሎኑ ያዝ ሲያደርገው ወዲያው ቆመ። ልክ መቆም ያለበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። አባታቸውም ቢሆን እዚያው ነበር የሚያቆመው።

«እዚህ ጋ ነው ያቆምኩት፤ እምልልሻለሁ» አለ። «በዝቷል?»

አሁን በይ፤ አሁን ተናገሪ፤ አለችና ለራሷ፣ «ትንሽ… ትንሽ ለቀቅ ብታደርገው» ብላ መለሰች።

ለቀቅ አደረገ። «እንዲህ?»

«አዎ። እንዲህ።»

«በቃ፣ ነቃሁ» አለ በደስታ። «አየሽ፣ እኔ እኮ ይሄን የሚያሳየኝ ሰው ነው ያጣሁት።» የላላውን ብሎን እያየ፣ የተሳሳተውን ልክ ነው ብሎ በጣቱ እየለመደ፣ ደጋግሞ ሠራው። ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ዓይኗን በጨው አጥባ ስትክድ የተሰማት ፍርሃት ነበር። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ራሷን እንዲህ ጠልታ አታውቅም።

አጎታቸው በማግስቱ ጠዋት የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣ። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ወሬው ትንሽ ነው። ቡልዶዘር ሰላም ብሎት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። አባታቸው የእጅ ባትሪ አምጥቶ ለልጅቷ ሰጣትና «አብሪለት» አላት።

አጎታቸው በመጀመሪያ ደህናዎቹን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። ሁለት ሦስቱን ከፈታ በኋላ ቀና አለ።

«እነዚህን ማን ነው ያሰራቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ቡልዶዘር ከኋላ፣ ሌላ ጥፋት የተገኘበት መስሎት።

«እህ» አለ አጎታቸው። «ሁሉም እኩል ናቸው።» ወደ ሥራው ተመለሰ።

ክዳኑ ከተነሣ በኋላ የብሎኑ ስባሪ ታየ። አጎታቸው ዙሪያውን በጨርቅ ደፈነ፤ የብረት ፍቅፋቂ ሞተር ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ስባሪው ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጎ ጠበቀ። መሐሉን በሹል ብረት ነቁጦ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳው። ቀዳዳው ውስጥ ጥርሱ ወደ ግራ የተቀረጸ ማውጫ አስገብቶ ወደ ግራ አዞረ። ስባሪው መጀመሪያ አልነቃነቅ አለ።

«መብራቱን አታንቀጥቅጪው» አላት።

በሁለት እጇ ያዘችው። ስባሪው ሲጥ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እየተሽከረከረ ወጣ። አባታቸው «ተመስገን!» አለ። አጎታቸው ስባሪውን መዳፉ ላይ አድርጎ አየና «የብሎኑ ራስስ? መጠኑን ላይና አዲሱን ልምረጥ» አለ። አባታቸው ቆርቆሮውን አንኳኩቶ ነጭ መስመር ያለበትን አወጣለት።

አጎታቸው በጨርቅ ጠረገው። ገለበጠው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ከሥሩ ለስላሳ ነገር ፋቀ።

«ይሄ ሲሊኮን እዚህ ምን ይሠራል?»

«የቱ ሲሊኮን?» አባታቸው ቀረበ።

«የተሰበረው ገጽ ላይ ነው ያለው። ከተሰበረ በኋላ ተጣብቋል ማለት ነው።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ብሎን እኔም እሰብራለሁ። ብሎን ሰብሮ የማያውቅ መካኒክ ሥራ አልሠራም። ሰብሮ መልሶ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ጋራዤ አይገባም። ፍሬን ላይ ቢሆንስ?»

አባታቸው ፊቱ ጠቆረ። ወደ ቡልዶዘር ዞረ፤ የትናንቱ ሳቅ የለም።

«መስበርህን ስቄ ነበር ያለፍኩት» አለው። «ፊቴ ቆመህ ‹ሳላውቀው ይሆናል› ስትለኝ አምኜህ ነበር። እንዲህ አድርገህ ነው የምትዋሸኝ?»

«አላጣበቅኩም!» አለ ቡልዶዘር። «አባዬ ሙት፣ እኔ አላጣበቅኩም!»

«ታዲያ ብሎኑ ራሱን አጣበቀ?»

ቡልዶዘር ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ቆመ። ዓይኑ ወደ እህቱ ሄደ። ዘይት ሊገዛ ሲሄድ ግቢው ውስጥ የቀረው ማን እንደሆነ ሲያስታውስ ፊቱ ላይ አየችው። ቀጥሎ የትናንቱ ምሽት፣ ደረጃው፣ «ትንሽ ለቀቅ ብታደርገው» ያለችው መጣለት። ገባው። ሁሉም ገባው። እስኪናገር ጠበቀች፤ እንዲናገርላት እንኳ ፈለገች። ቢናገር ይቀላት ነበር።

ቡልዶዘር ዓይኑን ከእሷ ነቅሎ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«እሺ» አለ። «እንዳልክ ይሁን።»

አጎታቸው መሣሪያዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። አባታቸው እጁን በጨርቁ ይጠርጋል፤ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አልተወም። ሁሉም አልቋል። ዝም ካለች ለሁልጊዜው አለቀ። ወንድሟ አይናገርባትም፤ ይህን በእርግጠኝነት አወቀች። ለዚያም ነው ዝም ማለት ያቃታት።

ባትሪውን አጥፍታ መኪናዋ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖባት እንደገና ጀመረች። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። እሱ ዘይት ሊገዛ ሲሄድ ደግሜ አጠበቅኩት። በረጅሙ መፍቻ። ሲሰበር ደግሞ ራሱን በሲሊኮን አጣበቅኩት። እሱ አላበዛውም ነበር፤ ልክ ነበር ያሰረው።»

አባቷ እጁን መጥረጉን ተወ።

«አንቺ?» አለ አባቷ። እንደ መቆጣት ሳይሆን እንደ መጠየቅ ነው ያለው። «መስመር እያለው? ለምን ነካሽው?»

ይህን መልስ ከሁሉም በላይ ፈርታው ነበር።

«አላመንኩትም ነበር።»

አባቷ ቁጢጥ ብሎ የመኪናዋ ጎማ ላይ ተደገፈና ጨርቁን እጁ ውስጥ ጨበጠው። ለእሷ የሚሆን ቁጣ ይዘጋጃል፤ ይመጣል፤ አሁን ግን አልደረሰም። መጀመሪያ የተናገረው ቡልዶዘር ነው።

«የትናንቱን ተይው» አለ። «ደንግጠሽ ነው እንበል። ማታስ? ማታ አጠገቤ ተቀምጠሽ እጄን ስታዪ…» አልጨረሰውም።

«ይቅርታ» አለች፤ ቃሉ ለዚህ ነገር አነሰባት። እንባዋ መጣ፤ ማንም አባብሎ እንዲያስቆምላት አልፈለገችም፤ ማንምም አላባበላትም።

አባታቸው ከጎማው ተነሣና ወደ ልጁ ሄደ። ፊቱን ሊያየው ፈልጎ ልጁ ስላቀረቀረ ትከሻውን ያዘው።

«በደልኩህ፣ ልጄ» አለው። «መስመሩን አየሁ፣ አንተን አልጠየቅኩም።»

ቡልዶዘር ራሱን ነቀነቀ። እሺ ይሁን እምቢ አልታወቀም።

አጎታቸው ከሳጥኑ አዲስ ብሎን መርጦ አወጣ። ለአባታቸው የሚሰጥ መስሎ ነበር፤ አልፎት ሄዶ ቡልዶዘር መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

«ክዳኑን መልሰህ እሰር» አለው። «ጋራዥ ስትመጣ ግን ይሄን ሰፊ እጅጌ ትተህ ና። ልብስ ሰፊ አባት እያለህ እንዲህ ያለ እጅጌ! ማሽን ከያዘው ከነክንድህ ነው የሚወስደው።»

ቡልዶዘር መጀመሪያ እጅጌውን፣ ቀጥሎ አጎቱን አየ። እጅጌውን እስከ ክንዱ ጠቀለለ።

ክዳኑን መለሰ። ከመሐል ጀምሮ ወደ ጫፍ እየሄደ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አሰረ። አባትም አጎትም እጃቸውን ሳያስገቡ ቆመው ያያሉ። ልጅቷ መሄድ ነበረባት ወይስ መቆየት አላወቀችም፤ ቆየች። የኋላው ጥግ ላይ ሲደርስ ቡልዶዘር ፍጥነቱ ቀነሰ። አዲሱን ብሎን በጣቱ አስገባ፣ በአጭሯ መፍቻ ገፋ፣ ያዝ ሲያደርገው ቆመ። ከዚያ የማታው ትምህርት ትዝ ሳይለው አልቀረም፣ ትንሽ አላላው። መልሶ አጠበቀው። እንደገና እጁ ወደ ማላላት ሄዶ መሐል ላይ ቆመ። የቱ ልክ እንደሆነ ጠፋበት። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። የእጁን ልክ ያበላሸችው እሷ ናት፤ ብሎን እንደ መስበር ያለ አይደለም፤ በአዲስ አይተካም።

የእህቱን ፊት ሳያይ አጭሯን መፍቻ ወደ እሷ ዘረጋ።

«እስቲ እዪው» አለ። «ጠብቋል?»

ከተናገረች ወዲህ ያናገራት ገና አሁን ነው። መፍቻዋን ለመቀበል ክንዷ ተነሥቶ ነበር። ብሎኑን አንዴ ብትነካው ትለየዋለች፤ አንዲት ቃል ብትናገር ከጭንቁ ይገላገላል፤ ምናልባት እርቁም ከዚያ ይጀምር ይሆናል። አባቷም «እዪለት» በሚል ዓይን አያት።

እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ጣቶቿን አቆላለፈች።

«አልነካውም» አለች። «አንተ ጠብቋል ካልክ ጠብቋል።»

ቡልዶዘር የተዘረጋችውን መፍቻ ይዞ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ወደ ሞተሩ ዞረ። መፍቻዋን ብሎኑ ላይ መልሶ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በጣቶቹ ጫፍ ገፋ፣ ቆመ። ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

«ጠብቋል» አለ።

ልጅቷ ለማየት አንድ እርምጃ እንኳ አልቀረበችም።